ማን ቆረቆራት

ከላ ፓዝ በሌሊት የወጣው አውቶቡስ ሲያቃስት፣ ሲያዘግም፣
ዳገቱን ሲረግም፣
ዘጠኝ ሰዓት ፈጅቶ ሳንታ ሩፊና ጥሎን ሄደ፤
ብርዱ እንደ ኬላ ቀራጭ ኪሳችንን ዳብሶ፣ አጥንታችን ድረስ ወረደ።

ከተማ አትበሏት፤ ተራራው ሲያስነጥስ ያመለጠችው ናት፤
ቆርቆሮ ማዕድኑ ነው ቆርቁሮ ያቆማት፣
ዋጋው የወደቀ ዕለት ግማሹ ሕዝብ ጓዙን ጭኖ ተዋት።

አንድ ሆቴል ቀርቷል፣ ኮሜርሲዮ የሚሉት፤
ሦስት ፎቅ፣ ጥርሱ የረገፈ ፒያኖ ያለበት፤
በክፍል ዐሥራ አራት፣
ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ፣ ውሻ እንኳ በተኛበት ሌሊት፣
በሩን የሚያንኳኳ አለ፤ ስትከፍት የለም፣ ስትዘጋ ነው ያለው።
አገሩ በሙሉ መንፈስ ነው ያለው።

እኔ የድምፅ ሰው ነኝ፤ ሬዲዮ ጣቢያው ነው የላከኝ፣
ሁለት ማይክሮፎን፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ መቅረጫ አሸክሞ የሸኘኝ።
«ቢቻል ጩኸት አምጣ» ነበር ያለኝ አለቃዬ፣
«ካልሆነም ትንፋሽ ይበቃል»፤ መጣሁ፣ ከነጥርጣሬዬ።

ዶኛ ሄርሚኒያ፣ ባለቤቲቱ፣ ጥቁር ባርኔጣዋን እንደ ዘውድ አጥብቃ፣
ያረጀ መዝገብ ዘረጋችልኝ፣ አቧራውን በእጅጌዋ ፍቃ።
«ተመልከት፣ ዐሥራ አንድ እንግዳ፤ የገቡበት ቀን ተጽፏል፣
የወጡበት ግን ባዶ ቀርቷል።»
«ሞተው ነው?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
«ሳይከፍሉ ጠፍተው እንጂ! አንዱማ ብርድ ልብሴን ይዞ፤
ስሙ ይኸው፣ ከገጹ ግርጌ።»

ሳቅሁ። ሌሊቱ ግን አልሳቀም።

ፋኩንዶ ኮልኬ፣ ዘበኛው፣ ሠላሳ ዓመት ከመሬት በታች ያደረ፣
የኮካ ቅጠል ጉንጩን እንደ ትንሽ ቡጢ የወጠረ፣
ሳሉን ከፊት ይልካል፣ ራሱ ከኋላ ይደርሳል፤
ወንበሩን ከበሬ ጎን አድርጎ፣ ሳይጠሩት ይቀመጣል።

ሰዓቱ ደረሰ።
አንድ ጊዜ፣ ደረቅ፣ ግንደ ቆርቁር እንጨት ወግቶ እንደ ተወው፣
በሩ ተመታ። ከፈትኩ፤ ኮሪደሩ ባዶ ነው።
የተቀረጸውን መልሼ ሰማሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጋግሜ፤
ወለሉ ላይ ያኖርኩት ማይክሮፎን ከበሩ ቀድሞ ሰምቷል፣ በዐይን ጥቅሻ ዕድሜ።
ምቱ ከታች ነው የመጣው፤
በሩ አስተርጓሚ ነው፣ የሰማውን ነው ያወጣው።

ፋኩንዶ ተንበርክኮ ጆሮውን ከጣውላው ገጠመ።
«ባሕር ዛፍ ነው» አለ፣ ቆይቶ፣ ልቡን እንደ ታመመ።
«አራተኛው እርከን፣ ከዚህ ሆቴል ሥር። እኔ ነኝ ያቆምኩት፣
ዐሥራ ሁለት ምሰሶ፤ ልጄ በተወለደበት ዓመት፣ በእጄ የጠረብኩት።
ጥድ ዝም ብሎ ይሰበራል፤ ባሕር ዛፍ ግን ለሰው ያዝናል፣
ሊሄድ ሲል ይናገራል።
ጉድጓዱ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ሄደ። እኔ ዘበኝነት ለመንኩ፤
ሌባ ልጠብቅ? እዚህ ምን ይሰረቃል?
ቁጥሩን እንዳልስት ነው የሰነበትኩ።»

ጠዋት ለዶኛ ሄርሚኒያ ነገርኳት፦ መንፈስ የለም፤
ያለው ባዶ ነው፣ ከሥርሽ፤ ምሰሶውም አይኖር ለዘላለም።
ቁልፌን ተቀበለች፤ በጨርቅ ጠረገችው፤ ዐይኔን አላየችም።
«መንፈስ ቢሆን ቄስ እጠራለሁ። ለባዶ ማን ይጠራል?
መንፈስ እንግዳ ያመጣል፤ ባዶ የሚያመጣው መሐንዲስ ነው፣
መሐንዲስ ደግሞ ‹ልቀቁ› ይላል።
ለቅቄ የት ልግባ?»
መዝገቡን አዞረችልኝ።
የወጣሁበትን ቀን ጻፍኩ፣ በጉልህ፤ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፤
ሂሳቤንም ከፈልኩ፣ ዐሥራ ሁለተኛው እንዳልሆንባት።

ላ ፓዝ። አለቃዬ ብዕሩን እየነከሰ፣ «መግቢያ ይጎድለዋል» አለ፤
«ከታሪክ እንጀምር፣ ለአድማጭ ይመቻል። ለምሳሌ፣
ከተማዋን ማን ቆረቆራት?»

መልስ አልሰጠሁም። መቅረጫውን ነካሁት።
ቋ።
ከዚያ ሳል። ከዚያ የፋኩንዶ ድምፅ፣
የተኛ ልጅ ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ዝግ ብሎ፦
«አምስት ቀሩ።»